ጀርመን ለኦቶማን ቱርክ የሰጠችው የጦር ድጋፍ፦ መርከብ፣ መኮንን፣ ወርቅ እና የተቆራረጠ ሐዲድ

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ኦቶማን ቱርክ ከጀርመን ጎን ተሰለፈች ሲባል፣ ብዙውን ጊዜ በአእምሮ የሚመጣው በጀርመን ጄኔራሎች ትእዛዝ የሚንቀሳቀስ የቱርክ ሠራዊት ነው። ነገሩ ግን ከዚህ የተወሳሰበ ነበር። በርሊን ወደ ኢስታንቡል የላከችው ተዋጊ ወታደር ከግንባሩ ስፋት ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። የላከችው በዋነኛነት መኮንን፣ መርከብ፣ ጥይትና ወርቅ ነበር። በአራቱ የጦርነት ዓመታት ወደ 2.8 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ለጦር የጠራችውና አብዛኛውን መሥዋዕትነት የከፈለችው ራሷ ኦቶማን ናት። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ሌላ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ግንኙነቱ ከጦርነቱ በፊት ሥር የሰደደ ነበር። ኦቶማን በ1878 በሩሲያ ድል ከተመታች በኋላ ሱልጣን አብዱልሐሚድ ዳግማዊ ሠራዊታቸውን የሚያድስላቸው ባለሙያ ከጀርመን አስመጡ። በ1883 ኢስታንቡል የደረሱት ኮልማር ፎን ዴር ጎልትስ 12 ዓመታት ቆይተው አንድ ትውልድ መኮንኖችን አሠለጠኑ። የክሩፕ መድፍና የማውዘር ጠመንጃም በዚያው በር ገባ። በባልካን ጦርነት ኦቶማን ዳግም ስትሸነፍ፣ በዲሴምበር 1913 ሌላ የጦር ልዑክ በጄኔራል ኦቶ ሊማን ፎን ዛንደርስ መሪነት መጣ። ሊማን በመጀመሪያ የተሾሙት ኢስታንቡል ላይ የሰፈረውን አንደኛ የጦር ኮር እንዲያዙ ነበር። ቦስፎረስን የሚጠብቀው ጦር በጀርመን እጅ መግባቱ ሩሲያን ክፉኛ አስቆጣ። የተገኘው መፍትሔ ፈገግ የሚያሰኝ ነው፦ ጄኔራሉ ማዕረጋቸው ከፍ ተደረገና ለኮር አዛዥነት «ከሚገባው በላይ» ትልቅ ሰው ሆኑ፤ የሠራዊቱ ዋና መርማሪ ተብለውም ቀጠሉ።

ሁለቱ መንግሥታት ምሥጢራዊውን የቃል ኪዳን ውል የተፈራረሙት ኦገስት 2 ቀን 1914 ነው። የውሉን መኖር ከኦቶማን ሚኒስትሮች መካከል እንኳ ብዙዎቹ አያውቁም ነበር። ከስምንት ቀናት በኋላ «ጎቤን» እና «ብሬስላው» የተባሉ ሁለት የጀርመን የጦር መርከቦች ከብሪታንያ ባሕር ኃይል አምልጠው ወደ ዳርዳኔልስ ወሽመጥ ገቡ። ኦቶማን ገና ገለልተኛ ስለነበረች መርከቦቹን ማስጠለል በሕግ አይቻላትም። ስለዚህ «ገዝቻቸዋለሁ» አለች። ስማቸው «ያቩዝ ሱልጣን ሰሊም» እና «ሚዲሊ» ተባለ፤ ጀርመናውያን መርከበኞች ቀይ ፌዝ ደፉ፤ አድሚራል ዊልሄልም ሱሾንም የኦቶማን ባሕር ኃይል አዛዥ ሆኑ። ብሪታንያ ቀደም ብላ በራሷ የመርከብ መሥሪያዎች ለኦቶማን የተሠሩ ሁለት ታላላቅ የጦር መርከቦችን ወርሳ ነበር። የመርከቦቹ ዋጋ በከፊል ከሕዝብ መዋጮ የተገኘ በመሆኑ ቁጣው ቤት ለቤት የገባ ነበር፤ የጀርመኖቹ መምጣትም በኢስታንቡል እንደ ካሳ ተቆጠረ።

ወደ ጦርነቱ መግባት ግን ገንዘብ ይጠይቃል። በኦክቶበር 1914 ሁለት ሚሊዮን የቱርክ ሊራ የሚያወጣ ወርቅ ከጀርመን በባቡር ተላከ። ወርቁ ከደረሰ ብዙም ሳይቆይ፣ ኦክቶበር 29 ቀን፣ ሱሾን የሩሲያን የጥቁር ባሕር ወደቦች ደበደቡ። ለዚህ ፈቃድ የሰጡት የጦር ሚኒስትሩ ኤንቨር ፓሻ ነበሩ። አብዛኛው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነገሩን የሰማው ከተፈጸመ በኋላ ነው። በቀናት ውስጥ ሩሲያ፣ ብሪታንያና ፈረንሣይ በኦቶማን ላይ ጦርነት አወጁ።

የድጋፉ ፍሬ በጉልህ የታየው በጋሊፖሊ ነው። ልሳነ ምድሩን የሚከላከለውን አምስተኛ ጦር በማርች 1915 ሊማን እንዲመሩ ተደረገ። ኤፕሪል 25 ቀን ብሪታንያውያን፣ ፈረንሣውያን፣ አውስትራሊያውያንና ኒውዚላንዳውያን ወደ ባሕሩ ዳርቻ ሲወርዱ፣ የተጠባባቂ ክፍለ ጦር አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ሙስጠፋ ከማል ከበላይ ትእዛዝ ሳይጠብቁ ጦራቸውን ወደ ኮረብታው አሻገሩ። በኦገስት ወር በሌላኛው ግንባር ጠላት ሲወርድ ደግሞ ሊማን የዚያን ግንባር አዛዥነት ለእኚሁ መኮንን ሰጡ። የጋሊፖሊ ድል የጀርመን ነው ወይስ የቱርክ የሚለው ክርክር ዛሬም አልቆመም። በዚህ ጸሐፊ እይታ፣ ጀርመናዊው አዛዥ ጦሩን በአግባቡ ደልድለዋል፤ ምሽጉን የያዘው ግን የአናቶሊያ ገበሬ ነው።

የድጋፉ ትልቁ ማነቆ መንገድ ነበር። ሩማኒያ የጦር መሣሪያ በምድሯ እንዲያልፍ አልፈቀደችም፤ ሰርቢያ ጠላት ነበረች። ጋሊፖሊ በጥይት እጥረት ስትጨነቅ የጀርመን ፋብሪካዎች ሊደርሱላት አልቻሉም፤ ኢስታንቡል ውስጥ በጀርመን መኮንኖች መሪነት የሚመረተው ጥይት ነበር ክፍተቱን በጥቂቱ የሸፈነው። በ1915 መጸው ሰርቢያ ስትወድቅ ከበርሊን እስከ ኢስታንቡል ያለው ሐዲድ ተከፈተ። ከኢስታንቡል ወዲያ ግን ሌላ መከራ ይጠብቃል። የባግዳድ የባቡር መሥመር በታውሮስና በአማኑስ ተራሮች ላይ አልተገናኘም ነበር። አንድ የመድፍ ጥይት ፍልስጥኤም ወይም ባግዳድ ለመድረስ ከባቡር ይወርዳል፣ በግመል፣ በጋሪ ወይም በካሚዮን ተራራውን ይሻገራል፣ እንደገና ይጫናል። የታውሮስ ዋሻዎች ለመደበኛ ባቡር የተከፈቱት ጦርነቱ ሊያበቃ ሳምንታት ሲቀሩት ነው። በስዊዝ ቦይ ላይ በፌብሩዋሪ 1915 የተሰነዘረው ጥቃትም፣ ኮሎኔል ክሬስ ፎን ክሬስንሽታይን ያቀዱት ቢሆንም፣ ጀልባዎችን በሲና በረሃ ጎትቶ ማድረስን የጠየቀ ዘመቻ ነበርና በብሪታንያ ተኩስ ከሸፈ።

በአዛዦቹ መካከልም ፍቅር አልነበረም። የሰባ ሁለት ዓመቱ ጎልትስ ወደ ሜሶጶጣሚያ ተመልሰው በኩት የተከበበውን የብሪታንያ ጦር ሲያስጨንቁ፣ ድሉ ሊታይ አሥር ቀን ሲቀረው ኤፕሪል 19 ቀን 1916 ባግዳድ ውስጥ በሕመም ሞቱ። በ1917 የተላኩት ጄኔራል ኤሪክ ፎን ፋልክንሃይን «ይልዲሪም» ወይም መብረቅ የተባለውን የጦር ስብስብ መሩ። ሙስጠፋ ከማል የጀርመኖች ሥልጣን በዝቷል ብለው ተቃውመው ከአዛዥነታቸው ለቀቁ። ባግዳድን ለማስመለስ የታሰበው ኃይል ወደ ፍልስጥኤም ቢዞርም ኢየሩሳሌም በዲሴምበር 1917 በብሪታንያ እጅ ገባች።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ጥያቄ የአርመኖች ነው። ከኤፕሪል 1915 ጀምሮ አርመኖች በገፍ ሲጋዙና ሲገደሉ፣ የጀርመን ቆንስሎችና መሐንዲሶች ያዩትን ለበርሊን ጽፈዋል። በዚያው ዓመት ዲሴምበር አምባሳደሩ ግልጽ ወቀሳ እንዲሰነዘር ሲጠይቁ መራሔ መንግሥት ቤትማን ሆልቬግ አልተቀበሉም፤ ዓላማቸው አርመኖች ቢያልቁም ባያልቁም ቱርክን እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ ከጎናቸው ማቆየት መሆኑን በጽሑፍ አሰፈሩ። አቅም ጨርሶ አልነበረም ማለት ግን ያስቸግራል። በኖቬምበር 1916 ሊማን በኢዝሚር የተጀመረውን ማጋዝ በኃይል እንደሚከለክሉ አስጠንቅቀው አስቁመዋል። የጀርመን ፓርላማ ጁን 2 ቀን 2016 ድርጊቱን የዘር ማጥፋት ብሎ ሲሰይም የያኔውን የጀርመን መንግሥት የጋራ ተጠያቂነትም ጠቅሷል። ቱርክ ይህን ስያሜ አትቀበልም። ከወላጅ አልባዎቹ ሕፃናት አርባዎቹን በ1924 ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ያመጧቸው አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ናቸው፤ «አርባ ልጆች» የተባለው የሙዚቃ ጓድ ከእነርሱ ተመሠረተ።

የድጋፉ ዕቅድ ቀይ ባሕርንም ተሻግሮ ነበር። በ1915 መጀመሪያ የአፍሪካ ባህል ተመራማሪው ሌዎ ፍሮቤኒየስ የጀርመንን መልእክት ይዘው ወደ አዲስ አበባ ለመዝለቅ ምጽዋ ደረሱ፤ ገና ገለልተኛ የነበረችው ኢጣሊያ ግን መለሰቻቸው። በ1916 ደግሞ በሜጀር ፎን ሽቶትሲንገን የተመራ ቡድን በየመን የሬዲዮ ጣቢያ አቁሞ ከጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ጋር ለመገናኘት አቀና፤ በጁን የፈነዳው የዐረቦች ዓመፅ መንገዱን ዘጋበት። አዲስ አበባ ያሉት የብሪታንያ፣ የፈረንሣይና የኢጣሊያ ሌጋሲዮኖች ልጅ ኢያሱ ወደ ኦቶማንና ወደ ጀርመን አዘንብለዋል ብለው ይከሱ ነበር። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲሻሩ የክሱ ማዕከል ሃይማኖታቸው ቢሆንም፣ የእነዚህ ሌጋሲዮኖች ግፊት ከበስተጀርባው ነበረበት። ምን ያህል አዘንብለው ነበር የሚለው የታሪክ ጸሐፍትን እስካሁን ያከራክራል።

በሴፕቴምበር 1918 የፍልስጥኤም ግንባር ሲደረመስ ሊማን ናዝሬት ውስጥ ከመማረክ ለጥቂት አመለጡ። ኦክቶበር 30 ቀን የሙድሮስ የተኩስ አቁም ተፈረመ፤ በማግስቱም ሊማን አዛዥነታቸውን አዳና ላይ ለሙስጠፋ ከማል አስረከቡ። ኤንቨር፣ ጠላትና ጀማል ፓሻ በጀርመን መርከብ ሸሹ። «ያቩዝ» ግን ቀረች፤ የቱርክ ሪፐብሊክ አድሳ ለአሥርተ ዓመታት ተገለገለችባት። በ1963 ለምዕራብ ጀርመን ለሽያጭ ብትቀርብም ቦን አልፈለገቻትም፤ በ1970ዎቹ ተቆራርጣ ለብረት ሄደች።