ጭስ መውጫ አያጣም?

አባቶች «ጭስ መውጫ አያጣም» ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን በማን ሳንባ በኩል አልፎ እንደሚወጣ ማን ጠይቆ ያውቃል?

የደብረ ታቦር ታሪክ ሲነሣ ቶሎ ትዝ የሚለን የጋፋት ጭስ ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩበት። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ መቅደላ ሲነሡም ከተማዋን አቃጥለው ሄዱ። ያ ሁሉ ጭስ ተጽፏል። ለዚያ ሠራዊት እንጀራ ሲጋግሩ የኖሩት ሴቶች የዋጡት ጭስ ግን አልተጻፈም።

ወገኖቼ፣ ጭስ በአገራችን የመሬትና የግብር ጉዳይ ነበር። «ጭሰኛ» የሚለው ቃል የወጣው ከዚያው ነው፤ በሰው መሬት ጎጆ ቀልሶ፣ እሳት አንድዶ የሚኖር ማለት ነው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ጭሰኝነትን ሻረ። የእናቶቻችንን ጭስ የሻረ አዋጅ ግን የለም።

እንዲያውም ባሰበት። ደጋው ደን ሳለ ደረቅ ወይራና ጽድ ይነድ ነበር። ደኑ ሲያልቅ ኩበትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተተኩ። ኩበት ከደረቅ እንጨት ይልቅ ይጨሳል፤ ለማሳ የሚሆነውንም ፍግ ይጨርሳል። የሣር ክዳን ጭሱን እያሰረገ ያወጣ ነበር። ቆርቆሮ መጣ፣ ግድግዳው በጭቃ ተመረገ፤ የጭስ መውጫ ግን አልተበጀም።

ውጤቱን እናውቀዋለን፤ ስሙን «ብርድ» አልነው እንጂ። አርባ ዓመት የጋገረች እናት ዳገት ሲያቅታት፣ ሌሊት ሳል ሲነሣባት «ብርድ መታኝ» ትላለች። ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ነገር ግን የጭሱ ደቃቅ ብናኝ ከፀጉር ከ20 እጥፍ በላይ የቀጠነ ነው፤ አፍንጫ አያግደውም። ሳንባ ውስጥ ገብቶ የአየር ቧንቧውን ያስቆጣል፤ በዓመታት ውስጥ ያጠበዋል። እንዲህ የጠበበ ቧንቧ ደግሞ ወደ ቀድሞው አይመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት የቤት ውስጥ ጭስ በፈረንጆቹ 2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደገደለ ይገምታል።

በ1980ዎቹ «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ መጣ። ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ ደግ ነው። መውጫ በሌለው ቤት ግን ጭሱ ያንሳል እንጂ አይጠፋም። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንዲሉ፣ መለወጥ ያለበት ማገዶውም ነው።

እስቲ ወንዛዬን አስቡ። በጉማራ ዳር ፍል ውኃው ያለ ማገዶ ይፈላል፤ ሰው ሕመሙን ሊያስታግስ ከሩቅ ይመጣል። ጉማራ ከጉና ተነሥቶ በዚያ አልፎ ጣና ይገባል፤ ከጣና በዓባይ አድርጎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ይወርዳል። ውኃው መብራት ሆኗል። ውኃው በሚነሣበት በጉና ሥር ያለችው እናት ግን ዛሬም ኩበት ትጠፈጥፋለች።

መብራቱ ምጣዷ ዘንድ እስኪደርስ ግን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። ቤት የምትሠሩ፣ ከሳሎኑ በፊት የማድቤቱን ጭስ መውጫ አስቡ። የጤና ባለሙያዎች፣ የምትስል እናት ስትመጣ «ሲጋራ ታጨሻለሽ ወይ?» ብላችሁ አታብቁ፤ በምን እንደምትጋግር ጠይቋት። ከከተማና ከውጭ አገር ሆናችሁ ለእናታችሁ ስጦታ የምትልኩም፣ ዘንድሮ ነጠላው ይቆይ፤ ጭስ መውጫው ይቅደም።