የኤረሱንድ መሻገሪያና የይለፍ ወረቀት

በዴንማርክና በስዊድን መካከል ኤረሱንድ የሚባል ጠባብ የባሕር መተላለፊያ አለ። እጅግ በሚጠብበት ስፍራ፣ ይኸውም ሄልሲንግኤር በምትባለው የዴንማርክ ከተማና ሄልሲንግቦርግ በምትባለው የስዊድን ከተማ መካከል፣ ስፋቱ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመሻገሪያው መርከብ መንገደኞችንና መኪናዎችን ጭኖ በ20 ደቂቃ ግድም ከዳር ወደ ዳር ያደርሳል። በዚህች አጭር ውሃ ላይ ግን መንግሥታት መንገደኛውን «ማን ነህ? ከወዴትስ መጣህ?» እያሉ ብዙ ዘመን ኖረዋል። ይህ ጥያቄ ከመርከብ ወደ ሰው፣ ከመንግሥት ሹምም ወደ ቲኬት ቈራጭ እንዴት እንደ ተላለፈ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ እንወዳለን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በቀድሞ ዘመን ሁለቱም ዳርቻዎች የዴንማርክ ነበሩ። ንጉሥ ኤሪክ ዘፖሜራኒያ በ1420ዎቹ ዓመታት በሄልሲንግኤር ኬላ አቁሞ፣ የሚያልፉት የባዕድ አገር መርከቦች ሁሉ ቆመው ቀረጥ እንዲከፍሉ አዘዘ። ኋላ በዚያው ወደብ ላይ የተሠራው የክሮንቦርግ ግንብ ሼክስፒር የሐምሌትን ታሪክ ያኖረበት ነውና፣ ቴያትሩን በጸጋዬ ገብረ መድኅን ትርጉም ያነበበ ሁሉ ስፍራውን ሳያየው ያውቀዋል። ከ1497 ዓ.ም. ጀምሮ የሚገኙት የቀረጡ መዝገቦች የመርከቡን አዛዥ ስምና የመጣበትን አገር፣ ኋላም የጭነቱን ዓይነት ይናገራሉ። ስለ ተሳፋሪው ግን ዝም ይላሉ፤ ኬላው የቆመው ለገንዘብ ነበርና። በ1658 ዓ.ም. የምሥራቁ ዳርቻ ለስዊድን ከተላለፈ በኋላም ቀረጡ እስከ 1857 ዓ.ም. ድረስ ቈይቶ በመንግሥታት ስምምነት ቀረ።

ከዚህ ጥቂት ቈይቶ፣ በ1860 ዓ.ም.፣ ስዊድን የፓስፖርትን ግዴታ ሻረች። የባቡር ሠረገላ የሚጭን የመሻገሪያ መርከብም በ1892 ዓ.ም. በሁለቱ ከተሞች መካከል መመላለስ ጀመረ። ሆኖም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግዴታው ተመለሰ፤ «ለጊዜው ነው» የተባለውም ነገር ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ሳይነሣ ቀረ። በ1920 ዓ.ም. በፓሪስ የተሰበሰቡት መንግሥታት ፓስፖርትን ስለ ማስቀረት ሳይሆን መልኩን አንድ ስለ ማድረግ ተስማሙ።

አሁን በዚህ ታሪክ ውስጥ እጅግ ወደሚያሳዝነው ስፍራ ደርሰናል። በ1938 ዓ.ም. ጀርመን ኦስትሪያን ከያዘች በኋላ ብዙ አይሁድ ለመሸሽ ተነሡ። የስዊስና የስዊድን ሹማምንትም የጀርመን ፓስፖርት ከያዙት መካከል አይሁዳዊውን የሚለዩበት ምልክት እንዲደረግ በርሊንን ወተወቱ። በጥቅምት ወር 1938 ዓ.ም. የጀርመን መንግሥት በአይሁድ ፓስፖርት ላይ «ጄ» የተባለውን ፊደል በቀይ ማኅተም አተመ። እንዲህ ሆኖ፣ ሰውን በመንገድ ሊጠብቅ የሚገባው ወረቀት ባለቤቱን አሳልፎ የሚሰጥ ምስክር ሆነ። ምልክቱን ከጠየቁት አንዲቱ በገለልተኛነትዋ የምትመሰገን አገር መሆንዋን ልንሸሽገው አይገባም።

ነገር ግን ከ5 ዓመት በኋላ ይህችው ስዊድን ሌላ ሥራ ሠራች። በ1943 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ ጀርመኖች በዴንማርክ ያሉትን አይሁድ ለማፈስ ማቀዳቸውን ዱክቪትስ የተባለ የራሳቸው ዲፕሎማት ምስጢሩን አወጣ። ሰዎቹም በየጐረቤቱ፣ በየሆስፒታሉና በየቤተ ክርስቲያኑ ተሸሸጉ፤ በሌሊትም በዓሣ አጥማጆች ጀልባ ኤረሱንድን ተሻገሩ። ከአጥማጆቹ አንዳንዶቹ ከፍ ያለ ዋጋ አስከፍለዋል፤ ይህም ሳይነገር ማለፍ የለበትም። ስዊድን በጥቅምት 2 ቀን የሚመጡትን ሁሉ እንደምትቀበል በግልጥ አስታወቀች፤ በጥቂት ሳምንታትም ከ7,000 የሚበልጡ አይሁድ ተሻግረው ዳኑ። የፓስፖርቱ ነገር ለሕይወታቸው መሰናክል አልሆነም።

ከጦርነቱ በኋላ የሰሜን አገሮች መንገዱን አቀኑት። በ1952 ዓ.ም. የዴንማርክ፣ የስዊድን፣ የኖርዌይና የፊንላንድ ዜጎች እርስ በርሳቸው ያለ ፓስፖርት እንዲመላለሱ ተፈቀደ፤ ከግንቦት 1 ቀን 1958 ዓ.ም. ጀምሮም በመካከላቸው ባለው ወሰን የፓስፖርት ምርመራ ቀረ። ፓስፖርት አያስፈልግም ማለት ግን ማስረጃ አያስፈልግም ማለት አልነበረም፤ ነጻነቱ የተሰጠው ለዜጋ ስለ ሆነ፣ ሲጠየቅ ዜግነቱን ማስረዳት የመንገደኛው ፈንታ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ወደ 163,000 የሚጠጉ ሰዎች በስዊድን ጥገኝነት ጠየቁ፤ ከሶርያና ከአፍጋኒስታን ከመጡት ጋር ከአፍሪካ ቀንድ የተነሡም ነበሩበት። መንግሥቱም ከጥር 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከዴንማርክ በመርከብ፣ በባቡርና በአውቶቡስ የሚመጣውን ሁሉ አጓጓዡ ፎቶግራፍ ያለበት መታወቂያ እንዲጠይቀው አዘዘ፤ ያልጠየቀ ድርጅት 50,000 ክሮኖር መቀጮ ይከፍል ነበር። ወሰኑ በዚህ ዘዴ ከሄልሲንግቦርግ ተነሥቶ ባሕሩን ተሻግሮ በሄልሲንግኤር ወደብ፣ በቲኬት መስኰቱ ፊት ቆመ። የጥገኝነትን ጥያቄ ሊሰማ የሚገባው የስዊድን ሹም በወዲያኛው ዳርቻ ነው፤ ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ በወዲህኛው ዳር ይቀር ነበር። ቲኬት ቈራጩም የሕግ ሰው አልነበረም፤ የሚጠነቀቀው ለአሠሪው መቀጮ ነበር። በእኛ አስተያየት ከባዱ ነገር ይህ ነው፤ ማንም ሹም «አይሆንም» ሳይለው ሰው ሊመለስ ይችላልና። በ1943 ዓ.ም. የተሻገሩት ሰዎች እንዲህ ባለ መስኰት ፊት ቢቆሙ ኖሮ ምን ይሆኑ ነበር ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የጠያቂዎቹ ቍጥር ወደ 29,000 ወረደ። ለዚህ ምክንያቱ የመርከቡ መታወቂያ ብቻ አልነበረም፤ በዚያው ዓመት የአውሮፓ ኅብረትና ቱርክ ተስማምተው ነበር፤ በደቡብ በኩል ያለውም መንገድ ተዘግቶ ነበር። በኮፐንሃገን ሠርተው በስዊድን የሚያድሩ ብዙ ሰዎች በየቀኑ መዘግየታቸው አስመርሮአቸው አቤቱታ አሰሙ። የአጓጓዦቹም ግዴታ በግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተነሣ፤ የስዊድን ፖሊስ ግን በራሱ ዳርቻ መንገደኛን መመርመሩን ከዚያም በኋላ ቀጠለ።