አንድ ለአምስትና አብሮ የመማር ታሪክ

ተማሪን በቡድን አደራጅቶ ስለማስተማር ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን አንድ ለአምስት ነው። ስሙን ፖለቲካ ስለነካካው ጉዳዩን ሳንመረምር «ይቅርብን» እንላለን። እኔ በሙያዬ መሐንዲስ ነኝ። የተሰበረ ዕቃ ከመጣሌ በፊት የቱ ጋ እንደተሰበረ ማየት ልማዴ ነውና ወደ ታሪኩ ልመለስ።

እ.ኤ.አ. በ1971 በቴክሳስ፣ በኦስቲን ከተማ ትምህርት ቤቶች በዘር ተለያይቶ መማር ቀርቶ ነጭ፣ ጥቁርና ሂስፓኒክ ልጆች አንድ ክፍል ሲገቡ ጠብ ተነሳ። የሥነ ልቡና ምሁሩ ኤሊየት አሮንሰን ክፍሎቹን ተመልክቶ፣ ጠቡን ያባባሰው ልጆቹ በመምህሩ ፊት ለመታየት የሚያደርጉት ፉክክር መሆኑን ተረዳ። መፍትሔው ትምህርቱን ማከፋፈል ሆነ። ዘዴው ወደ ፊዚክስ ክፍል ሲመጣ አንዱ ልጅ ቮልቴጅን፣ ሌላው ከረንትን፣ ሦስተኛው ሬዚስታንስን ያጠናል። ከሌላ ቡድን ያው ርእስ ከደረሳቸው ልጆች ጋር ይመክርና ተመልሶ ጓደኞቹን ያስተምራል። ፈተናውን ግን እያንዳንዱ ለብቻው፣ በሁሉም ርእስ ላይ ይፈተናል። አንዱ ከለገመ የኦም ሕግ ለማንም አይሟላም። በኦስቲን የጥቁርና የሂስፓኒክ ልጆች ውጤት ከፍ አለ፤ የነጮቹም አልቀነሰም።

በኋላም የጆንስ ሆፕኪንሱ ሮበርት ስላቪን ብዙ ጥናቶችን አመዛዝኖ ቁልፉን ለየ፦ ቡድኑ የጋራ ግብ ይኑረው፤ እያንዳንዱ አባል ደግሞ ስለ ራሱ ትምህርት ይጠየቅ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነው? በቄስ ትምህርት ቤት ከፍ ያለው ልጅ ጀማሪውን ፊደል ያስቆጥራል፤ የኔታ ፊት ሲቀርብ ግን ሁሉም የራሱን ያነባል። መረዳዳቱም ተጠያቂነቱም ነበረን።

እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ የተስፋፋው አንድ ለአምስት የወሰደው ቅርጹን ብቻ ነው። ጎበዙ አምስቱን እንዲመራ ተደረገ፤ ገበሬው፣ ነዋሪውና የመንግሥት ሠራተኛው በተደራጁበት ሰንሰለት ተማሪውም ታሰረ። የቡድን ሥራ ሲሰጥ ጎበዙ ይሠራል፤ የቀሩት ስማቸውን ያስጽፋሉ፤ ማርኩ ለሁሉም እኩል ይታደላል። የጋራ ማርክ ነበር፤ የግል ተጠያቂነት ግን አልነበረም። ስብራቱ እዚህ ላይ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ለአምስት ላይ ማላከክ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ የመምህሩ፣ የመጽሐፉ፣ የቤተ ሙከራው ችግር ብዙ ነው። ነገር ግን አንድ የመለኪያ መሣሪያ ለብዙ ተማሪ በሚዳረስበት አገር ልጆቹ አብረው ካልሠሩ በምን ሊማሩ ነው? እኔ በተማርኩበት ዘመን ሁለቱ ይነኩ ነበር፤ የቀረነው እንመለከታለን።

ስለዚህ በውጭ ያለን ወገኖች ላገር ቤት ትምህርት ቤት መሣሪያ ስናዋጣ አንድ ጥያቄ እንጨምር፦ ሥራው ለእያንዳንዱ ልጅ እንዴት ይከፈላል? እያንዳንዱስ ለብቻው በምን ይፈተናል? ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፤ የሚያስረው ግን እያንዳንዱ ክር ሲጠነክር ነው።