ባንዳ፣ በራሪ ወረቀትና ድምፅ ማጉያ፦ ስም ያልወጣለት ድቅል ጦርነት

«ባንዳ» የሚለውን ቃል ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። አማርኛ ብዙም የማይሆንለት ልጅ እንኳ ከቤት ወይም ከቲክቶክ ክርክር ሰምቶት፣ «ከሃዲ» ማለት እንደሆነ ያውቃል። የቃሉ መነሻ ግን ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያኖች ከአገሬው ሰው መልምለው ከመደበኛው ጦር ጎን የሚያሰልፉትን ታጣቂ ቡድን ነበር «ባንዳ» የሚሉት። የቡድን መጠሪያ የነበረው ቃል እኛ ዘንድ ስድብ ሆኖ ቀረ። በዚህ ጽሑፍ ላወራችሁ የፈለግኩት ቃሉን ስላመጣው ጦርነት ነው። ዘመኑን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ተመራማሪዎች ዛሬ «ድቅል ጦርነት»፣ በዕብራይስጥ «ሎሃማ ሂብሪዲት» የሚሉት ነገር አለ። መደበኛ ጦር፣ ሽምቅ ተዋጊ፣ ገንዘብ፣ ስለላና የሐሰት ወሬ ለአንድ ዓላማ ተቀናጅተው ሲሠሩ ማለት ነው። አሜሪካዊው ፍራንክ ሆፍማን በ2007 ባሳተመው ጥናት ሐሳቡን በሰፊው ሲያስተዋውቅ ዋና ምሳሌው የ2006ቱ የሊባኖስ ጦርነት ነበር። ስሙ አዲስ ነው፤ ሥራው ግን የቆየ ነው።

ወልወልን እንውሰድ። ቦታው ከጣሊያን ሶማሊያ ድንበር ወደ ኢትዮጵያ ግዛት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ይላል። ጣሊያን እዚያ ምሽግ ሠርታ በአብዛኛው የሶማሌ ታጣቂዎችን አስቀምጣ ነበር። ዲሴምበር 5 ቀን 1934 ተኩስ ተከፈተ፤ ከመቶ በላይ ኢትዮጵያውያን ሞቱ። ይቅርታና ካሣ የጠየቀችው ግን ጣሊያን ነበረች! በሴፕቴምበር 1935 ደግሞ ኢትዮጵያ ባርነት ያለባት ኋላ ቀር አገር ስለሆነች የመንግሥታት ማኅበር አባልነት አይገባትም የሚል ሰነድ ለማኅበሩ አቀረበች። ባርነት በአገሪቱ መኖሩ እውነት ነበር። የፕሮፓጋንዳ ጉልበቱም እዚህ ላይ ነው፤ እውነተኛውን ቁስል ይዞ ለወረራ ሰበብ ያደርገዋል።

ውስጥ ለውስጥም ሌላ ሥራ ይሠራ ነበር። በየከተማው የተከፈቱት የጣሊያን ቆንስላዎች ከመኳንንቱ መካከል ማን እንዳኮረፈ ይከታተሉ፣ ገንዘብም ያቀርቡ ነበር። ኦክቶበር 3 ቀን 1935 ወረራው ሲጀመር የንጉሠ ነገሥቱ አማች የነበረው ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሳ በቀናት ውስጥ ከጣሊያን ጎን ተሰለፈ። ማርች 31 ቀን 1936 ማይጨው ላይ ሲዋጉ ደግሞ ጣሊያኖች የኢትዮጵያን የሬዲዮ መልእክት ጠልፈው ያነቡ ስለነበር ጥቃቱ አላስደነገጣቸውም። ከሰማይ የመርዝ ጋዝ ሲወርድበት የከረመው ጦር ሲያፈገፍግ፣ ከጣሊያን ጠመንጃና ገንዘብ የተቀበሉ የራያና የአዘቦ ሰዎች ወጉት። እነሱም ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ቀድሞ ደም የተቃቡ ነበሩ። እንደገባኝ ከሆነ ገንዘቡ ስንጥቁን አልፈጠረውም፤ የነበረውን ነው ያሰፋው።

ታዲያ ይህ በምን ተመከተ?

ንጉሠ ነገሥቱ በሜይ 1936 ከአገር ሲወጡ በመርከብ የደረሱት ሐይፋ ነበር፤ ኢየሩሳሌም ሰንብተው ወደ እንግሊዝ ሄዱ። በአገር ቤት እንደ በላይ ዘለቀና መንገሻ ጀምበሬ ያሉ አርበኞች ዱር ገብተው መዋጋት ቀጠሉ። የውስጥ አርበኞች የሚባሉት፣ ብዙ ሴቶች ጭምር፣ በጠላት ከተማ ተቀምጠው ወሬና መድኃኒት ያቀብሏቸው ነበር። በጁን 1940 ጣሊያን በብሪታንያ ላይ ጦርነት ስታውጅ ነገሩ ተለወጠ። መልእክት መጥለፉ ተገላቢጦሽ ሆነ፤ አሁን እንግሊዞች በምሥራቅ አፍሪካ ያለውን የጣሊያን ጦር ምስጢራዊ መልእክት ፈትተው ማንበብ ጀመሩ።

ሁለተኛው መሣሪያ ቃል ነበር። ጆርጅ ስቲር የተባለው የቀድሞ ጋዜጠኛ ካርቱም ላይ የፕሮፓጋንዳ ክፍል አቋቋመ። የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ያለበት አዋጅ በአማርኛ እየታተመ ከአውሮፕላን ተበተነ። «ባንዲራችን» የሚባል የአማርኛ ጋዜጣ ወጣ። በ1941 ከረን ላይ ሲዋጉ ደግሞ ለጣሊያን የሚዋጉት ኤርትራውያን ወታደሮች በድምፅ ማጉያ በገዛ ቋንቋቸው ተጠሩ፤ ብዙዎችም ከዱ።

ሦስተኛው ማታለል ነበር። እስራኤል ውስጥ «ሃየዲድ»፣ ወዳጁ፣ የሚባለው ኦርድ ዊንጌት፣ ጸሐፊውን አብርሃም አካቪያን ከዚህ አገር ይዞ ጎጃም ገባ። ሁለት ሺህ የማይሞላውን ጦሩን «የጌዴዎን ኃይል» አለው። በኦሪቱ መጽሐፈ መሳፍንት ጌዴዎን በ300 ሰው፣ በቀንደ መለከትና በችቦ ትልቅ ሠራዊት እንዳስበረገገ አያቶቻችን ያውቁታል። የዊንጌትም ስልት ይኸው ነበር። በአፕሪል 1941 ደብረ ማርቆስ ሲያዝ፣ ከዓባይ መሻገሪያ የሚደውሉትን ጣሊያኖች ጣሊያንኛ የሚችል አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ አነጋገራቸው፤ ብዙ ሺህ ጦር እየመጣባችሁ ነው አላቸው። ጥለው ሄዱ።

ይህን ታሪክ ሳነብ ስለ ማሽኑ ብቻ ማሰብ አልቻልኩም። ማተሚያ፣ አውሮፕላን፣ ሬዲዮ ለጣሊያንም ነበራት፤ እንዲያውም በብዛት። የካርቱሙ ወረቀት የተደመጠው ሰው በሚያውቀው ቋንቋ፣ ሰው በሚያውቀው ማኅተም ስለመጣ ነው። መሬት ላይም ለአምስት ዓመት ያልተንበረከኩ አርበኞች ምስክር ነበሩለት። ግን ደግሞ ዕዳ አለው። ለኤርትራውያን የተበተነው ወረቀት የአንድነት ተስፋ ይሰጥ ነበር፤ የኤርትራ ዕጣ ግን ከድሉ በኋላም ለብዙ ዓመታት አከራካሪ ሆኖ ቆየ። ለጦርነት ተብሎ የተነገረ ቃል ጦርነቱ ሲያልቅ አብሮ አያልቅም።

ዛሬም ወረቀቱ ስልክ ውስጥ ገብቷል። በኦክቶበር 2021 የቀድሞዋ የፌስቡክ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በአሜሪካ ሴኔት ፊት ቀርባ ስትመሰክር፣ ኩባንያው በብዙ ቋንቋዎች በቂ መከላከያ እንደሌለው ኢትዮጵያን በስም ጠቅሳ ተናግራለች። እንግሊዝኛውን የሚያጣራው ማሽን አማርኛውን በደንብ ካላነበበው፣ በአማርኛ የሚለጠፈው የሐሰት ወሬ ሳይጠየቅ እናቶቻችን ስልክ ላይ ይደርሳል ማለት ነው። «ባንዳ» የሚለው ስድብም አብሮ ይመጣል፤ ዛሬ ግን እርስ በርስ የምንጣጣልበት ሆኗል፣ ሌላው ከፋይ ሳያስፈልገው ስንጥቁን እኛው እናሰፋለን።

ዕብራይስጥም አማርኛም የምትሰሙ እናንተ እዚህ ላይ ማሽኑ የሌለው ነገር አላችሁ። ለአያት «ፌክ ነው፣ ሰርዢው» ማለት ብዙ አይረዳም። አብሮ ቁጭ ብሎ መስማት፣ «ማነው የላከው? እሱስ ከማን ሰማ?» ብሎ በአማርኛ መጠየቅ ግን ይቻላል። አማርኛችሁ የተሰባበረ ቢሆንም ምንም አይደለም፤ አያት የሚያምኑት የልጅ ልጃቸውን ድምፅ ነው።