«የእምነት ምስክርነት» እንበለው

ባፕቲስቶች «ኮንፌሽን» የሚሉትን ሰነድ «የእምነት ኑዛዜ» ብሎ መተርጎም እየተለመደ መጥቷል። ቃሉ ሥር ሳይሰድ ተው ማለት ይገባል። እዚህ ገንዳ ውሃ ከተማ አንድ ሰው «አባቴ ተናዘዘ» ቢል ከሁለት ነገር አንዱን ነው የምንረዳው፤ ወይ ኃጢአቱን ለነፍስ አባቱ ተናግሯል፣ ወይ የሰሊጥ እርሻውንና ከብቱን ማን እንደሚወርሰው አስታውቋል። በግእዝ ደግሞ «ናዘዘ» ማለት አጽናና ማለት ነው። ታዲያ አንዲት ጉባኤ «የማምነው ይህን ነው» ብላ በአደባባይ የምትናገረው ቃል ከመጽናናት፣ ከንስሐ ወይም ከውርስ ጋር ምን አገናኘው? የሚያምኑትን መናገር በደል አይደለም፤ የሞት አልጋም አይጠብቅም።

ችግሩ ከላቲኑ የመጣ ነው። እዚያ አንዱ ቃል በደልን ማመንንም እምነትን መናገርንም ይሸከማል። አማርኛም ሁለቱን የሚሸከም የራሱ ቃል አለው፦ «አመነ»። ምእመን በአምላኩ ያምናል፤ ተከሳሽም ዳኛ ፊት ቆሞ ያምናል ወይም ይክዳል። ከዚህ ተነስተው «የእምነት ቃል» የሚሉ አሉ። ውብ ነው፤ ነገር ግን ፖሊስና ፍርድ ቤት ቀድመው ወስደውታል። «የእምነት ቃሉን ሰጠ» የተባለለትን ሰው ማንም ወደ ጸሎት ቤት ሲገባ አያስበውም።

«ጸሎተ ሃይማኖት»ም ባለቤት አለው። በኒቅያና በቁስጥንጥንያ ጉባኤያት ተደንግጎ በተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሚጸለይ ነው፤ ባፕቲስቶች ደግሞ ሰነዳቸውን አይጸልዩትም። «አንቀጸ እምነት» የሚለውስ? አንቀጽ በግእዝ በር ነበር፤ ዛሬ ግን ሰሚው የሚያስበው ሕግንና ቅጣትን ነው። ብዙዎች የሚጠቀሙበት «የእምነት መግለጫ» ስህተት የለበትም። ሆኖም መግለጫ መሥሪያ ቤት ሁሉ የሚያወጣው ነገር ነው፤ ተናጋሪው በተናገረው ሲጠየቅበት አይታይም።

እኔ የምመርጠው «የእምነት ምስክርነት» የሚለውን ነው። የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች በማቴዎስ 10፥32 እና በሮሜ 10፥9 ላይ ለዚሁ አሳብ የመረጡት ግሥ «መመስከር» ነው። ግእዙም ምስክርን «ሰማዕት» ይለዋል፤ የሰማውን ይናገራል፣ አስፈላጊ ከሆነም ይሞትለታል።

ታሪኩም ከዚህ ቃል ጋር ይስማማል። እ.ኤ.አ. በ1644 ሰባት የለንደን ጉባኤዎች የመጀመሪያውን ሰነዳቸውን ያወጡት ተከሰው ስለነበር ነው። ያልሆኑትን ናችሁ ተባሉ፤ የሆኑትን ተናገሩ። የእኛው ዐፄ ገላውዴዎስም በ1555 ያደረጉት ይህንኑ ነው። ኢየሱሳውያን ኢትዮጵያውያንን በአይሁድ ሥርዓት ሲከሱ፣ ንጉሡ ስለ ሰንበት፣ ስለ ግዝረትና ስለ እርያ ሥጋ በጽሑፍ መልስ ሰጡ። አውሮፓውያን ያን ጽሑፍ «ኮንፌሽን» ብለው አሳተሙት። ከኑዛዜ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ክስ ለቀረበበት እምነት የቆመ ምስክርነት ነው።

ምስክር ደግሞ ይናገራል እንጂ አይፈርድም፤ የባፕቲስቶችም ዋና አሳብ እዚህ ላይ ነው። በእምነት ላይ በሥልጣን መፍረድ ለእኛ አገር ሩቅ ነገር አይደለም። በ1878 ቦሩ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የመሩት ጉባኤ የሃይማኖት ክርክሩን ቋጨ፤ ውሳኔውም በመንግሥት ሥልጣን ጸና። የባፕቲስቶች መነሻ ከዚህ ይለያል። ከመሥራቾቻቸው አንዱ ቶማስ ሄልዊስ በ1612 ንጉሥ በሕዝቡ ነፍስ ላይ ሥልጣን የለውም ብሎ ጻፈ፤ ታስሮም ኒውጌት ወኅኒ ውስጥ ሞተ። በ1845 የተመሠረተው የአሜሪካ የደቡብ ባፕቲስት ኅብረት እስከ 1925 ድረስ የራሱ ሰነድ አልነበረውም። ሲያወጣም ሰነዱ ከስህተት የጸዳና የመጨረሻ ቃል እንዳልሆነ፣ ሥልጣን የመጽሐፍ ቅዱስ ብቻ እንደሆነ አብሮ ጻፈ። በ1963 እና በ2000 አሻሻለው። ከዚያ ግን በ2002 ሚሲዮናውያኑ ሰነዱን መቀበላቸውን በፊርማ እንዲያረጋግጡ ተጠየቁ፤ እምቢ ያሉት ሥራቸውን ለቀቁ ወይም ተሰናበቱ። ክርክሩ የበረታው ምስክሩ ወደ ዳኛ ወንበር ወጣ በሚል ነው። አማርኛው «አንቀጽ» ቢለው ኖሮ ይህ ክርክር ለአንባቢያችን ትርጉም አይሰጠውም ነበር፤ አንቀጽማ መፍረድ ሥራው ነው።

በወንጌላውያን ዘንድ «ምስክርነት» አንድ ሰው እግዚአብሔር ያደረገለትን የሚናገርበት ቃል ነው፣ ይምታታል የሚሉኝ አሉ። አንዱ ግለሰብ የደረሰለትን ይናገራል፤ ጉባኤዋ በአንድነት የያዘችውን ትናገራለች። «የእምነት» የሚለው ቅጽል ሁለቱን ይለያቸዋል፤ የሚያገናኛቸውም ሁለቱም በሰው ፊት ቆመው መናገራቸው ነው።