በርጩማው ላይ የቆመው ሰው

ዛሬ “የልጆች ልብ ስፔሻሊስት” ሲባል ማንም አይደነቅም። ከሰማንያ ምናምን ዓመት በፊት ግን ራሱን የቻለ እንዲህ ዓይነት ሙያ አልነበረም። ሙያውን ወልደው ካሳደጉት መካከል ሁለቱ ደግሞ በዘመኑ ዓይን ጨርሶ ለቦታው የማይታሰቡ ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ ጆሮዋ የደከመ ሴት፣ ሌላው ኮሌጅ ያልጨረሰ ጥቁር አናጢ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

ሔለን ታውሲግ እንጀምር። ሐርቫርድ በዚያ ጊዜ ለሴት የሕክምና ዲግሪ አይሰጥም ነበርና ባልቲሞር ወርዳ በ1927 ከጆንስ ሆፕኪንስ ተመረቀች። በ1930 የልጆች ልብ ክሊኒኩን ሰጧት። ችግሩ፣ መስማት እያቃታት ሄደ። የልብ ሐኪም ያለ ጆሮ ምን ሊሠራ ነው? ታውሲግ መዳፏን ሕፃኑ ደረት ላይ አድርጋ የልቡን ንዝረት “ማዳመጥ” ለመደች።

ክሊኒኳን ከሚሞሉት መካከል ከንፈራቸውና ጥፍራቸው የሚጠቁር፣ ጥቂት ተራምደው ቁጢጥ የሚሉ ልጆች ነበሩ። ፈረንጆቹ “ሰማያዊ ሕፃናት” ይሏቸዋል። ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ ስለሚጠብባቸው፣ ልባቸውም መካከል ላይ ቀዳዳ ስላለው፣ ኦክስጅን ያላገኘ ደም ወደ ሰውነት ይሄዳል። ታውሲግ አንድ ነገር አስተዋለች፤ ሲወለዱ የነበረችው ትንሽ የደም መተላለፊያ ሳትዘጋ የቆየችላቸው ልጆች ይሻላቸዋል፣ ስትዘጋ ይብስባቸዋል። በ1938 ቦስተን ውስጥ ሮበርት ግሮስ የተባለ ሐኪም ይህቺኑ መተላለፊያ በቀዶ ጥገና ዘግቶ ዝነኛ ሆኖ ነበር። ሄዳ “መዝጋት ከቻልክ መሥራትስ?” ስትለው አልጣመውም።

በ1941 አልፍሬድ ብላሎክ የሚባል ቀዶ ሐኪም ሆፕኪንስ መጣ። ብቻውን አልመጣም፤ ቪቪየን ቶማስን ይዞ ነው። ቶማስ አናጢነትን ከአባቱ የተማረ የናሽቪል ልጅ ነው። ለኮሌጅ ያጠራቀማትን ብር በ1930 የከሰረ ባንክ በላበት። የብላሎክን ላቦራቶሪ ሥራ እየሠራ ደመወዙ ግን የጽዳት ሠራተኛ ነበር። ቶማስ በሽታውን ለመምሰል መጀመሪያ ውሾች ላይ ፈጠረው፣ ቀጥሎ ማከሚያውን ሞከረ፣ ለትንንሽ ደም ሥሮች የሚሆን መርፌም አበጀ።

ኅዳር 29 ቀን 1944፣ የ15 ወር ሕፃን ጠረጴዛው ላይ ተኛች። ወደ ክንዷ የሚሄደው ደም ሥር ወደ ሳንባዋ ከሚሄደው ጋር ተሰፋ። ቶማስ ከብላሎክ ትከሻ ኋላ በርጩማ ላይ ቆሞ እያየ ይመራዋል። ሕፃኗ ለጊዜው ተሻላት፤ ከወራት በኋላ ግን አረፈች። ሦስተኛው ልጅ ከንፈሩ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀላ። በ1945 በወጣው የሕክምና መጽሔት ጽሑፍ ላይ የብላሎክና የታውሲግ ስም አለ። የቶማስ የለም።

በ2004 የወጣው ፊልም ይህን ታሪክ ለብዙ ሰው አድርሷል። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ከዚያ ቀን በኋላ የሆነው ነው፦ ማስተማሩ። ቶማስ በሽተኛ ላይ ቢላ ማንሳት አይፈቀድለትም፤ የሚያነሱትን ግን እጃቸውን ያሠለጠነው እሱ ነው። ያን ቀን እዚያ ክፍል የነበረው ወጣት ሐኪም ዴንተን ኩሊ በኋላ ቴክሳስ ውስጥ ስመ ጥር የልብ ቀዶ ሐኪም ሆነ። ታውሲግም በ1947 መጽሐፏን አወጣች፤ ከየአገሩ የመጡ ሐኪሞች ክሊኒኳ እየተማሩ ተመለሱ። በ1961 የልጆች ልብ ሕክምና አሜሪካ ውስጥ የራሱ የስፔሻሊስት ፈተና ኖረው። ቶማስ በ1976 ከሆፕኪንስ የክብር ዶክትሬት አገኘ፤ የሕክምና እንዳይመስላችሁ፣ የሕግ!

እኛ ጋ ደግሞ ዶ/ር በላይ አበጋዝ የሕፃናት ልብ መርጃ ማኅበርን በ1989 ሲመሠርቱ መንገዱ ልጆቹን ውጭ አገር መላክ ነበር። ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው ማዕከል በ2009 ተከፈተ። ሕንፃ ይሠራል፤ ቀዶ ሐኪሙ፣ ማደንዘዣ ሰጪው፣ የልብና ሳንባ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው፣ ሌሊቱን የምታድር ነርስ ግን እየተማሩ ነው የሚገኙት፤ አንዳቸው ከጎደሉ ደግሞ ቀዶ ጥገና የለም። ስለዚህም ለዓመታት ከውጭ የሚመጡ ቡድኖችን መጠበቅ ግድ ነበር። ከኢትዮጵያ ሐኪሞች አንዳንዶቹ የተማሩት እስራኤል፣ ሆሎን፣ አሚ ኮኸን በ1995 የጀመረው የልጆች ልብ ድርጅት ጋ ነው። ኮኸን በ2001 ኪሊማንጃሮ ተራራ ላይ አረፈ።

ያቺ ስፌት በሕክምና መጻሕፍት “ብላሎክ-ታውሲግ” ተብላ ኖራለች። አሁን አሁን ሦስተኛ ስም ጨምረው የሚጽፉ ሐኪሞች በዝተዋል።