ሮም የጨረሰቻቸው አውሬዎች

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ55 ዓመት የጦር አዛዡ ፖምፔ በሮም ያሠራውን ታላቅ የድንጋይ ቲያትር ሲያስመርቅ፣ አምስት ቀን የፈጀ የአውሬ አደን ትርኢት ለሕዝብ አቀረበ። የመጨረሻው ቀን የዝሆኖች ነበር። ወደ ሃያ የሚጠጉ ዝሆኖች ከሰሜን አፍሪካ ከመጡ ጦር ወርዋሪዎች ጋር ተፋጠጡ። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደጻፈው፣ አንዱ ዝሆን እግሮቹ ተወግተው መቆም ሲያቅተው በጉልበቱ እየዳኸ ወደ ሰዎቹ ገሰገሰ፤ ጋሻቸውንም እየነጠቀ ሽቅብ ወረወረው። የቀሩት አጥሩን ሰብረው ለማምለጥ ሞከሩ። አልሆነላቸውም። ያን ጊዜ ወደ ተመልካቹ ዞረው እንደሚማጸን ሰው ይጮኹ ጀመር። ሕዝቡ እያለቀሰ ከመቀመጫው ተነሣ፤ የድግሱን ባለቤት ፖምፔንም ረገመው።

ዝነኛው ተናጋሪ ሲሴሮ ይህን ትርኢት አይቶ ለወዳጁ ደብዳቤ ጽፏል። ሕዝቡ ተደነቀ እንጂ ደስ አላለውም፣ እነዚህ እንስሳት ከሰው ጋር አንዳች ዝምድና አላቸው የሚል ስሜትም አደረበት ሲል መስክሯል። የሚያሳዝነው ግን ያ ሁሉ እንባ ምንም አለመለወጡ ነው። ግድያው ከዚያ በኋላም ለብዙ መቶ ዓመታት፣ ይበልጥ እየሰፋ ቀጠለ።

ነገሩ የተጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ማርቆስ ፉልቪየስ ኖቢሊዮር የተባለ ጄኔራል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ186 ዓመት ድሉን ሲያከብር ለሮማውያን የአንበሳና የነብር አደን አሳየ። ሕዝቡ ወደደው። ሴኔቱ አንድ ሰሞን የአፍሪካ አውሬ ወደ ኢጣሊያ እንዳይገባ ከልክሎ ነበር፤ እገዳው ግን አልጸናም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ169 ዓመት በተደረገ አንድ በዓል ላይ ብቻ 63 የአፍሪካ አውሬዎችና 40 ድቦች ለትርኢት ቀርበዋል።

ከጀርባው የነበረው ምርጫ ነው። በሮም ወደ ከፍተኛ ሥልጣን ለመውጣት ያሰበ ወጣት ሹም ለሕዝቡ በዓል መደገስ ነበረበት፤ ያልደገሰ አይታወስም፣ ያልታወሰ አይመረጥም። የሲሴሮ ወዳጅ ካይልዮስ በዚህ ጭንቀት ተይዞ ነበር። ሲሴሮ በዛሬዋ ደቡባዊ ቱርክ፣ በኪልቅያ፣ አገረ ገዥ ሆኖ ሳለ ነብር እንዲልክለት በደብዳቤ ላይ ደብዳቤ ጻፈለት። ለሌላ ሹም ዐሥር ነብር ተልኮለት ሳለ አንተ ከዚያ በእጅጉ የሚበልጥ ባትልክልኝ ነውር ነው ብሎም ወተወተው። ሲሴሮ የመለሰለት፣ ነብሮቹ በአገሩ ወጥመድ የሚጠመድብን እኛ ብቻ ሆነን ብለው አማርረው ወደ ጎረቤት አገር ሊሰደዱ ቆርጠዋል በሚል ፌዝ ነበር። ከፌዙ በስተጀርባ ግን እውነት አለ፦ ነብር በዚያ አገር እየተመናመነ ነበር።

ንጉሠ ነገሥታቱ ሲመጡ ድግሱ የእነርሱ ሆነ። አውግስጦስ ቄሳር ስለ ራሱ ሥራ ባስቀረጸው ጽሑፍ 26 ጊዜ የአፍሪካ አውሬዎችን አደን እንዳሳየና 3,500 ያህል እንስሳት እንደተገደሉ በኩራት ይዘረዝራል። እ.ኤ.አ. በ80 ጥጦስ ኮሎሲየምን ሲያስመርቅ፣ ካሲዮስ ዲዮ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ እንደሚለው፣ ዘጠኝ ሺህ የዱርና የቤት እንስሳት ታረዱ። ንጉሠ ነገሥቱ ትራጃን ዳሲያ የተባለውን አገር ድል አድርጎ ሲመለስ ደግሞ 123 ቀናት በዘለቀው በዓል ዐሥራ አንድ ሺህ አለቁ። በዚያው ሜዳ ሞት የተፈረደባቸው ሰዎችም ለአውሬ ይጣሉ ነበር፤ በሃይማኖተ አበው የሚታወቀው የአንጾኪያው ቅዱስ አግናጥዮስ በሮም የሞተው እንዲህ ነው።

ይህ ሁሉ እንስሳ ከየት፣ እንዴት መጣ? በሲሲሊ ደሴት፣ ፒያሳ አርሜሪና አጠገብ፣ በአራተኛው ምእት ዓመት የተሠራ አንድ የባለጸጋ ቤት አለ። 60 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የመተላለፊያው ወለል በትንንሽ ባለቀለም ድንጋዮች የተሠራ አንድ የአደን ታሪክ ነው። ጋሻ የያዙ ሰዎች አንበሳ ይከባሉ፤ በሬዎች በሣጥን የተዘጋ አውሬ በጋሪ ይጎትታሉ፤ አገልጋዮች ሰጎን አቅፈው በመርከብ መሰላል ይወጣሉ። የሚሞተውን ለማየት ከሜዳው ዳር መቀመጥ ይበቃል፤ የሚጓጓዘውን ለማየት ግን ይህን ወለል የሚያህል ምስክር የለም።

ጉዞው ለእንስሳቱ ከሜዳው የቀለለ አልነበረም። በአራተኛው ምእት ዓመት ማብቂያ የኖረው ባለጸጋው ሲማኩስ ለልጁ የሹመት በዓል አውሬ ሲያሰባስብ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ይህን ያሳያሉ። ያስመጣቸው አዞዎች 50 ቀን ሙሉ አልበላም አሉ፤ የደረሱለት የድብ ግልገሎችም በረሃብና በድካም የዛሉ ጥቂቶች ነበሩ። በመንገድ ያሉ ከተሞችም ሸክሙን ይካፈሉ ነበር። አውሬ አጓጓዦች በአንድ የሶርያ ከተማ ለወራት ሰፍረው ነዋሪውን ስላስመረሩ፣ እ.ኤ.አ. በ417 የወጣ ሕግ ከሰባት ቀን በላይ እንዳይቆዩ አዘዘ። ከዚያ በሦስት ዓመት የሚቀድም ሌላ ሕግ ደግሞ ይበልጥ ያስደነግጣል፦ አንበሳን የገደለ ሰው አይከሰስም፤ የሕዝቡ ደኅንነት ከእኛ መዝናኛ ይቅደም ይላል። እስከዚያ ድረስ የቀደመው መዝናኛው ነበር ማለት ነው።

ሮማውያን ለእንስሳ ልብ ያልነበራቸው ሕዝብ ነበሩ ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። በጎል ምድር ለተወለደችና በወሊድ ለሞተች ማርጋሪታ ለተባለች አዳኝ ውሻ በእምነ በረድ ላይ ግጥም አስቀርጸውላታል፤ ድንጋዩ ዛሬ በብሪታንያ ሙዚየም ይገኛል። እጅግ የሚያሳስበውም ይህ ነው፤ ለውሻ ሐዘን የሚቀመጠው ሰውና ለዝሆን ሞት መቀመጫ የሚይዘው ሰው አንድ ነበር።

የእኛም ምድር በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። ፕሊኒ በቀይ ባሕር ዳር ስለነበረችው ስለ አዱሊስ ሲጽፍ የዝሆን ጥርስ፣ የአውራሪስ ቀንድና የጉማሬ ቆዳ የሚሸጥባት ታላቅ የንግድ ወደብ ይላታል። በአንደኛው ምእት ዓመት አንድ ነጋዴ የጻፈው የቀይ ባሕር መርከበኞች መመሪያም የዝሆን ጥርስ ከዓባይ ማዶ ወደ አክሱም፣ ከአክሱም ወደ አዱሊስ እንደሚወርድ ይናገራል። በስድስተኛው ምእት ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ የዩስቲንያኖስ መልእክተኛ ኖኑሶስ ወደ አክሱም ሲወጣ በመንገድ አምስት ሺህ ያህል ዝሆኖች በአንድ መስክ አየሁ ብሏል።

በዚያን ጊዜ የሰሜን አፍሪካ ዝሆን አልቆ ነበር። ተናጋሪው ቴሚስቲየስ አስቀድሞ በአራተኛው ምእት ዓመት ከሊቢያ ዝሆን፣ ከቴሳሊያ አንበሳ፣ ከዓባይ ረግረግ ጉማሬ መጥፋቱን ጠቅሷል። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ አሚያኖስም በግብፅ ጉማሬ እንደማይገኝ ጽፏል። በሮም የመጨረሻው የታወቀ የአውሬ አደን ትርኢት የተደረገው እ.ኤ.አ. በ523 ነው። ያቆመው የተመልካቹ ርኅራኄ አልነበረም፤ ግዛቱ ተበታትኖ ገንዘቡ ስላለቀ ነው። ስለ ኮሎሲየም ውበት የሚጽፍ ሰው ሁሉ ይህንንም ሒሳብ አብሮ ሊጽፍ ይገባዋል።